በእግሯ የምትሄደው ሴት

ሉሴአኔ ሸራ ጫማዋን ልታስር በር ላይ ጎንበስ እንዳለች ባሏ ሳቴኪ ጓዳ ውስጥ ሆኖ በስልክ ሲምል ሰማችው። «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እጄን አንስቼባት አላውቅም» ይላል። «አልተጣላንም። ቤት ውስጥም የሚበላ ሞልቷል። መኪናውም ደህና ነው። ዝም ብላ ነው የምትሄደው። የለም፣ የትም አይደለም የምትሄደው፤ ትሄድና ትመለሳለች።» በወዲያኛው በኩል ያለችው የፓስተሩ ሚስት ናት፤ ገና በቅጡ ሳይነጋ ነው የደወለችው። ሳቴኪ ስልኩን ዘግቶ ሲወጣ ሚስቱን በር ላይ አገኛትና ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ጉምሩክ የሚሠራ፣ ስሙን እንደ ነጭ ሸሚዙ የሚጠብቅ ሰው ነው። «እባክሽ ሉሴ፣ ቢያንስ በጓሮ በኩል ውጪ» አላት። ከገዛ ቤቷ እንደ ሌባ በጓሮ ልትወጣ እንደሆነ ጠየቀችው። «ሌባ ቢሉሽማ በስንት ጣዕሙ» አላት። «እኔን ነው ሚስቱን አባረራት የሚሉኝ።»

የደሴቲቱ መንግሥት ዋና ከተማ ኑኩአሎፋ እንዲህ ናት። ደጇ ላይ መኪና የቆመላት፣ ባል ያላት፣ ከመዘምራኑ ፊት ረድፍ የምትቆም የአርባ ምናምን ዓመት ሴት በማለዳ ብቻዋን በእግሯ ከሄደች አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። ወይ ከባሏ ተጣልታለች፣ ወይ ነዳጅ መግዣ አጥተዋል፣ ወይ ጭንቅላቷን ነክቷታል። ለጤናዬ ነው ብትል ማን ሊሰማት? ለጤናው የሚሮጥ የራግቢ ተጫዋች ነው፤ እሱም ቢሆን ሲከፈለው ነው።

የስኳር ክሊኒኳ ነርስ ግን «ቀላል ነገር ነው እኮ» ነበር ያለቻት። በየማለዳው ትንሽ መሄድ። በለስላሳ ፋንታ ውሃ መጠጣት። ስብ የበዛውን የበግ ጎን ትቶ ዓሣና ቅጠል መብላት፣ በትንሽ ሳህን ማቅረብ፣ ማታ ማታ እግርን ማየት። ቀላል ነገር! ነርሷ ይህን ከማለቷ በፊት የሉሴአኔን የግራ እግር አውራ ጣት በመርፌ ጫፍ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ነበር። ሉሴአኔ እንዳታፍር ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ቆየችና «በይ ጀምሪ» አለቻት። ነርሷ ጀምራ ጨርሳ ነበር፤ ጣቷ መርፌውን አላወቀውም። እናቷም በጣት ነው የጀመራት። መጀመሪያ ጣቷን ቆረጡ፣ ከዚያ ከቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ከጉልበቷ፣ ከዚያ ወደ መቃብር። በዚያን ጊዜ ሉሴአኔና ወንድሟ ፈለቲ ሆስፒታል ምግብ ያመላልሱ ነበር፤ እሷ በኮኮናት ወተት የተሠራ ጣፋጭ፣ እሱ ደግሞ እናቱ የምትወደውን የበግ ጎን፣ ስቡ ሳይነሣለት። በፍቅር ነበር፤ ክፉ የነበረ ሰው የለም። እናትየው ከተቀበረች ወዲህ ሁለቱ ስለዚያ እግር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። በዚህ አገር እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ ተጠጋግቶ መቀመጥና ብዙ ማውራት ነውር ነው፤ ስለዚህ ዝም ተባባሉ፣ ዝም እንዳሉም ቀሩ። ሉሴአኔ ግን ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያችን ጣት ስታይ የእናቷ ጣት ናት የምትታያት።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ በጓሮ በኩል ወጣች። ቅያሱን እንኳ ሳትጨርስ ታክሲ ቆመላት። «ግቢ፣ በነፃ ነው» አላት ሹፌሩ። እየተንሸራሸርኩ ነው አለችው። ሰውየው አላመናትም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በእሷ እርምጃ ልክ ከጎኗ እየተሳበ፣ ብርድ እንደሚመታት፣ ውሻ እንደሚነክሳት፣ ቤተሰቧም እንደሚያፍር ሲመክራት ቆየ። እሱን ሸኝታ ሳታበቃ የሠፈሩ አስተማሪ ከነሚስቱ በመኪና አልፏት ከሄደ በኋላ ወደ ኋላ ተመለሰና ማን እንደሞተ ጠየቃት። ማንም አልሞተም። ታዲያ ምን ሆነሽ? ምንም አልሆንኩም። ባልና ሚስቱ ተያዩ። «ምንም ሳትሆኚ?» አለች ሚስትየዋ፣ እንደማዘን ብላ። ሉሴአኔ ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለችላቸው። ባሕሩ ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ደግሞ የሽማግሌው ኢኖኬ ፒካፕ ጢሱን እያንቦለቦለ መጥቶ መንገዷን ዘጋ። ኢኖኬ የወንድሟ ቤት ሰርግ፣ ልደትና ለቅሶ ሁሉ ያለ እሳቸው ንግግር የማይከፈት፣ የቤተሰቡ አፍ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ለእሳቸው እምቢ አይባልም።

«ግቢ ልጄ» አሏት።

«አባባ፣ ሐኪም አዞኝ ነው የምሄደው።»

«ሐኪሙ ሂጂ አለሽ እንጂ ድከሚ አለሽ?» አሉና በሩን ከውስጥ ከፈቱላት።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ገባች። አባባ ኢኖኬ ቤቷ ድረስ፣ የፊት ለፊት በሯ ድረስ አደረሷት። ለሠፈሩ እንዲሰማም ጥሩንባ ነፉ። ስትወርድ ደግሞ፣ ከስተሻል ብለው፣ ለልጅ ልጆቻቸው የገዙትን ትኩስ ቦንቦሊኖ ከነከረጢቱ አስያዟት። ሉሴአኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ከረጢቱን አየችው፤ ሽታው እንኳ አጥንት ድረስ ይገባል። እውነቱን ለመናገር አንዱን በላችው። ከዚያ በራሷ ተናዳ የቀረውን ለአሳማዎቹ ወረወረችው። አሳማዎቹስ ዛሬ አሉ ነገ የሉም፤ ስኳር አይፈሩም።

ከቁርስ በኋላ ከሳቴኪ ጋር ገበያ ወጡ። የወንድሟ ልጅ አንድ ዓመት የሞላበት ቀን ነው፤ ማታ ትልቅ ድግስ አለ፣ ባዶ እጅ አይኬድም። ዓሣ ሻጯ ለአንድ እስር ዓሣ የጠራችው ዋጋ ስንት የበግ ጎን እንደሚገዛ ሳቴኪ በልቡ አስልቶ ራሱን ነቀነቀ። ባሕሩ እዚሁ ነው፣ ከገበያው ሆነህ ድምፁን ትሰማለህ። በጉ ግን ከሌላ አገር፣ እዚያ ሰው የማይበላው ስቡ ብቻ ተቆርጦ፣ በረዶ ሆኖ በመርከብ ነው የሚመጣው። እሱ ይረክሳል፣ የደጁ ዓሣ ይወደዳል። ይህን የሚያስረዳኝ ሰው ካለ እሰየው። ሉሴአኔ ዓሣውን ገዛች። ቤት ሲደርሱ ሳቴኪ «ዛሬ እንኳ እንደ ሰው ብዪ፣ እሺ?» አላት። «ከፊት የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ፈለቲን አታዋርጂው።»

እውነቱን ነው፣ ከፊት የምትቀመጠው እሷ ነች። የአባት እህት ለወንድሟ ልጅ ከሁሉ በላይ ናት፤ ፋሁ ይሏታል። ምርጡ ሰሌን ለእሷ ይነጠፋል፣ ትልቁ አሳማ በእሷ ፊት ይቀርባል፣ የኬኩ የላይኛው ፎቅ የእሷ ነው። የጠየቀችውን አይነፍጓትም። እሷ ካልቀመሰች ደግሞ በዚያ ጠረጴዛ ማንም እጁን ለመስደድ አይደፍርም። እንግዲህ ነርሷን እዚህ አምጥታችሁ «ቀላል ነገር ነው» አስብሏት።

የፈለቲ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ምግቡ በምግብ ላይ ተደራርቧል። የተጠበሱ የአሳማ ግልገሎች ቆዳቸው እንደ ብርጭቆ እያበራ፣ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ የቆርቆሮ ሥጋ በኮኮናት ወተት ሰጥሞ፣ ቦዬው፣ ካሳቫው፣ የበግ ጎኑ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የለስላሳው ጠርሙስ እንደ አጥር ተደርድሯል። ሉሴአኔን እንደ አገሩ ወግ ወገቧ ላይ የክብር ሰሌኗን እንዳሰረች ወስደው ከመሐል አስቀመጧት። ከጎኗ አክስቷ ፔለናይሴ ተቀመጡ። እሳቸው ደግሞ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሉሴአኔ ለሕፃኑ እንደሆነችው ሁሉ እሳቸው ለሉሴአኔና ለፈለቲ የበላይ ናቸው። አጥር ለአጥር ነው የሚኖሩት። ወፍራም፣ ቀይ ሊፕስቲክ የማይለያቸው፣ ከመኪና ወርደው ወንበር እስኪያገኙ ብቻ በእግራቸው የሚሄዱ ሴት ናቸው። የሉሴአኔን ክንድ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ለኩት።

«ከሳሽ» አሏት። «ሰው እያማሽ ነው። ባልሽ ደህና ነው፣ ቤትሽ ሙሉ ነው፣ ምን ጎድሎሽ ነው እንደ ውሻ በየመንገዱ የምትዞሪው?»

«ስኳር አለብኝ አክስቴ። ያውቃሉ።»

«የማን ቤት ነው ስኳር የሌለበት?» አሉና የአሳማውን ጆሮ በእጃቸው ገንጥለው ሳህኗ ላይ አኖሩላት። «እናትሽን የገደላት የሐኪሙ መጋዝ ነው እንጂ መብሉ አይደለም። ብዪ።»

ጸሎት ተደርጎ አበቃ። የፈለቲ ሚስት ቪካ ሕፃኑን ታቅፋ መጥታ ሉሴአኔ ፊት በርከክ አለች። ሳምንቱን ሙሉ ስትጋግር የከረመች ሴት ናት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። «እትዬ፣ ይቅመሱልኝ» አለቻት። «ኬኩን በእጄ ነው የሠራሁት።» ሉሴአኔ የተቀቀለ ቅጠልና ካመጣችው ዓሣ ትንሽ ብቻ እንዲሰጧት ቀስ ብላ ጠየቀቻት። የቪካ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ዓሣው እንግዶች እንዳያዩት ተብሎ ጓዳ ተደብቋል፤ ለፋሁ ዓሣ ማቅረብ ቤተሰቡ አሳማ አጣ ማለት ነው። «ምን አስቀየምንዎ?» አለች ቪካ። ምንም አላስቀየማችሁኝም። «አሳማው አነሰ?» አላነሰም። «ታዲያ እኔን ነው የጠሉኝ።» ድንኳኑ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። ሳቴኪ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ጫፍ ሆኖ በዓይኑ ይለምናታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የፓስተሩ ሚስት ለጎረቤቷ አንድ ነገር ሹክ ስትል ታየች።

ሉሴአኔ የበግ ጎኑን አንስታ ቀመሰች። ምን ታድርግ? ጣፋጭ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው። ጠረጴዛው ሁሉ እፎይ ብሎ መብላት ሲጀምር ቀና አለች። ወንድሟን ከድንኳኑ ውጪ፣ አሳማ ከሚያገላብጡት ወንዶች መሐል አየችው። ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበታል። እሱ አይበላም፤ ሳህኗን ነው የሚያየው። ጉርሻው አፏ ሲገባ ፈገግ አለ። ይህችን ፈገግታ ታውቃታለች። ሆስፒታል፣ የእናታቸው አልጋ ግርጌ ቆሞ፣ እናታቸው በአንድ እግሯ ተቀምጣ ስትበላለት ይስቃት የነበረችው ናት። ሉሴአኔ ጉርሻውን በጉንጯ ያዘችው። ተናደደች፤ በእሱም፣ በራሷም፣ በአሳማውም፣ ሰው ሁሉ ወደ ጉድጓድ በፍቅር እየገፋት እጁን ሳሚ በሚላት አገርም ተናደደች። ወዲያውም አሳዘናት፤ ወንድሟ እኮ ሌላ መናገሪያ የለውም። አፏን የምትጠርግ መስላ ጉርሻውን ሶፍት ላይ ተፍታ ጠቀለለችውና አባባ ኢኖኬን በእጇ ጠራቻቸው።

«አባባ፣ ፋሁ የጠየቀችው አይነፈግም አይደል?»

«አይነፈግም ልጄ። ሰሌን ነው? አሳማ ነው?»

ጆሯቸው ላይ ነገረቻቸው። አባባ ኢኖኬ ቀና ብለው አዩዋት፤ ደግማ እንድትነግራቸው ጠየቁ፤ ደግማ ነገረቻቸው። ከዚያ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። በነገሥታት ዘመን እንደሚነገረው ባለ ግርማ ድምፅ፣ የዛሬዋ ባለክብር ሰሌኑንም፣ አሳማውንም፣ የኬኩንም ራስ ለዘመድ እንደምታከፋፍል፤ ለራሷ ግን ሁለት ነገር ብቻ እንደምትለምን ተናገሩ። «አንደኛ፣ በዚህ ቤት ፊቷ የሚቀርበው ዓሣና የጎደሬ ቅጠል ይሁን። ሁለተኛ» አሉና ትንሽ ቆም አሉ፣ አፋቸው አልታዘዝ ብሏቸው፤ «በመንገድ ስትሄድ ያያት ዘመድ ሁሉ መኪና አያቁምላት፣ አይጫናት። የእናቷ እግር እንደሄደ የእሷ እንዳይሄድ ነው ትላለች።»

ስለዚያ እግር በሰው ፊት ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው ነው።  አክስት ፔለናይሴ አሳማቸውን ማኘክ አቁመው ጉልበታቸውን ያዩ ጀመር። ፈለቲ ጥብሱን ትቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ ሉሴአኔ አዋረድኩት ብላ አሰበች። ተመልሶ ሲመጣ አንድ ሳህን ዓሣና አንድ ብርጭቆ ውሃ በገዛ እጁ ይዟል። ወንድም እህቱ ወደተቀመጠችበት የክብር ቦታ እንዲህ ተጠግቶ አይመጣም። እሱ ግን አጎንብሶ፣ ዓይኗን ሳያይ መጣና ሁለቱን ፊቷ አስቀመጠ። ብርጭቆውን እንዳይፈስ በጣቱ ትንሽ አስተካከለው። ዞሮ ወደ ጥብሱ ሄደ። ሉሴአኔ ዓሣውን በላችው፣ ውሃውን ጠጣችው፣ እንባዋንም አብራ ዋጠችው። ቪካ ከኋላዋ መጥታ፣ «ቅጠሉን ያለ ኮኮናት እቀቅልልዎ ነበር እኮ፣ ቢነግሩኝ» አለቻት፣ አሁንም እንደተቀየመች።

ድግሱ ሲያበቃ ሉሴአኔ ሰሌኗን አጥብቃ አሰረችና፣ ሳቴኪን ቀድሜህ ልሂድ ብላ፣ በእግሯ ወጣች። ቃሏ ተከብሯል፤ መኪና አልቆመላትም። ግን ጥቂት እንደሄደች ከኋላዋ መብራት በራ፣ አላለፋትም። ሌላ መብራት ተጨመረ፣ ሌላም። ዞር ስትል ከፊት የአባባ ኢኖኬ ፒካፕ፣ ከኋላው የፓስተሩ መኪና፣ ከዚያ የሳቴኪ፣ ከዚያ የዘመድ አዝማዱ ሁሉ፣ እስከ ድንኳኑ ድረስ ተሰልፈው እንደ ኤሊ ይሳባሉ።

«አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«አልጫንንሽም» አሉ አባባ ኢኖኬ በመስኮት። «ወደየቤታችን ነው የምንሄደው።»

«ታዲያ እለፉኝ።»

«ፋሁን አቧራ አልብሼ እንዴት ነው የማልፈው?»

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ሉሴአኔ ልትጮህ ቃጣት። ምን ብላ ትጮሃለች? ፊቷን አዙራ መንገዷን ቀጠለች። መብራቱ ጥላዋን ከፊቷ አስረዝሞ ይጥለዋል፤ ሕፃናት ከየአጥሩ ብቅ እያሉ ያያሉ፤ ውሾች ይጮሃሉ። ያኔ የፒካፑ በር ሲከፈት ሰማች። አክስት ፔለናይሴ ናቸው። አባባ ኢኖኬ ደግፈዋቸው ወረዱና፣ ሰሌናቸውን አስተካክለው፣ እያለከለኩ ደረሱባት። አልፈዋት ከፊቷ ሆኑ።

«አክስቴ፣ ምን ሆኑ?»

«ከኋላሽ ልከተል?» አሉ ሳይዞሩ። «አባትሽ እንኳ ከፊቴ ሄዶ አያውቅም።»

ቀስ ብለው ሄዱ፣ እሳቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ። የአክስቷ ቁርጭምጭሚት በመኪናው መብራት ያበጠ ሊጥ ይመስላል። የቀኝ እግራቸውን በጎን በኩል ያዝ እያደረጉ ነው የሚረግጡት፤ ሉሴአኔ ይህን እስከዛሬ አላየችም፤ እሳቸው ሲሄዱ ማን አይቷቸው ያውቃል? አንድ ቅያስ አለፉ።

«እናትሽ» አሉ አክስት ፔለናይሴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጣቷ ነበር አይደል የጀመራት?»

«አዎ። የግራው። የእኔም የግራው ነው።»

«የእኔ የቀኙ ነው» አሉ።

ሉሴአኔ ቆም ልትል ነበር፤ ግን እሳቸው አልቆሙም። ለማን እንደነገሩ ጠየቀቻቸው። «አሁን ላንቺ» አሉ። «ለሌላ ሰው ብትናገሪ ወዮልሽ።» ሉሴአኔ ከኋላቸው ሆና ያንን ያበጠ እግር አየችው፤ ቅድም አሳማውን ሳህኗ ላይ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። ሰኞ ክሊኒክ አብረን እንሂድ አለቻቸው። እሺ አላሉም፣ እምቢም አላሉም። ትንሽ እንደሄዱ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ የአጥር እንጨት ይዘው ቆሙ፤ የመኪናው ሰልፍ ሁሉ አብሮ ቆመ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» አሉ።

«ነገ እሁድ ነው አክስቴ። እሁድ ስፖርት በሕግ ክልክል ነው።»

«ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድ ኃጢአት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉና እንጨቱን ለቀቁት። «ሳትጠሪኝ እንዳትወጪ። ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ።»

መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከኋላ የሳቴኪ ስልክ ጮኸ፤ መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁለቱም ሰሙት።

«የለም» ይላል፣ በደከመ ድምፅ። «ቀብር አይደለም። ማንም አልሞተም። በእግራቸው እየሄዱ ነው።»